የተቀጣው፣ የተሸጠለት፣ የተከለከለው አጫሽ፤ ማን ይርዳው?

ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ ዓሣ አጥማጆች በጠዋት መረባቸውን ሲያራግፉ ከዳር ቆሞ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ፓኬት አይገዛም። ከሱቅ በደረቴው አንድ ፍሬ ይወስዳል፣ በሻጩ ላይተር ይለኩሳል፣ ጨርሶ ማስቲካ ያኝክና ወደ ሥራው ይሄዳል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንዳታሸተው ይጠነቀቃል። እንዲህ ያለው ሰው ስንት ጊዜ ለማቆም እንደሞከረ ቢጠየቅ ጣቶቹን መቁጠር ይጀምራል። ማን እንደረዳው ሲጠየቅ ግን መልሱ አጭር ነው፦ ማንም።

ይህ መልስ የአንድ ሰው ዕድል አይደለም፣ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት ባለፉት 150 ዓመታት ከአጫሹ ጋር ሦስት ዓይነት ግንኙነት ነበረው። መጀመሪያ ቀጣው። ቀጥሎ ሸጠለት። በመጨረሻ ከለከለው። አራተኛው ግንኙነት፣ ማለትም ማቆም የሚፈልገውን ሰው እጁን ይዞ ማገዝ፣ ከሦስቱ ሁሉ ወደኋላ ቀርቷል። ለምን እንደቀረ ለመረዳት ከከንፈርና ከአፍንጫ መጀመር ያስፈልጋል።

■ ከንፈርና አፍንጫ

ትምባሆ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ በመርከብና በሲራራ ንግድ ዓለምን አዳርሶ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አፍሪካ ቀንድም ደረሰ። በክርስቲያኑ ደገኛ ዘንድ ግን መልካም አቀባበል አልገጠመውም። ካህናቱ አወገዙት። ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ቅጠል ነው የሚል ትውፊትም ተነገረለት። ማጨስ ከጠባይ ጉድለት አልፎ የሃይማኖት ጥያቄ ሆነ።

ይህ ስሜት ጫፍ የደረሰው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ነው። የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደመዘገቡት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ትምባሆን በአዋጅ ከለከሉ፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ታዘዘ። ቅጣቱ የተመረጠው ኃጢአቱ የተሠራበት አካል እንዲከፍል ነው። ስንቱ ላይ በተግባር እንደዋለ መከራከር ይቻላል፤ መልእክቱ ግን አያከራክርም። አጫሽ ማለት አጥፊ ማለት ነው። የአጥፊ ድርሻ ደግሞ ቅጣት እንጂ እርዳታ አይደለም።

ያ አዋጅ በታወጀ ጊዜ ዛሬ ሀዋሳ የቆመችበት ምድር ከንጉሡ ግዛት ውጪ ነበር። በሲዳማ፣ በጉራጌ፣ በከምባታና በኦሮሞ አገር ትምባሆ ሌላ ሕይወት ነበረው። ከሸክላ በተሠራ ማቃጠያ ላይ ቅጠሉ ይቀመጣል፤ ጭሱ በቅል ውስጥ ባለ ውኃ አልፎ በዘንግ ይሳባል። ጋያ ይሉታል። ሽማግሌዎች ከጨዋታ ጋር ያጨሱታል፤ በዕድሜ የገፉ እናቶችም እንዲሁ። ከጓሮ የበቀለ ትምባሆ ስለሆነ ፓኬት የለውም፣ ዋጋ የለውም፣ ማስታወቂያም የለውም። በሰሜን ከንፈር የሚያስቆርጠው ነገር በደቡብ የእንግዳ መቀበያ ነበር። ይህ ልዩነት ዛሬም ድረስ ውጤት አለው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

■ መንግሥት ሻጭ ሲሆን

ከዮሐንስ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። የዘመናዊ መንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ከጨው፣ ከአልኮልና ከትምባሆ የበለጠ በቀላሉ ግብር የሚሰበሰብበት ሸቀጥ ደግሞ ጥቂት ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የትምባሆ ሞኖፖልን አቋቋመ። ማምረትም፣ ማስመጣትም፣ መሸጥም በአንድ እጅ ሆነ። አዲስ አበባ ውስጥ ፋብሪካው ያለበት ሰፈር ስሙ ራሱ «ትምባሆ ሞኖፖል» ሆኖ ቀረ። አባቶቻቸው ስለ ከንፈር መቁረጥ የሰሙ ልጆች በመንግሥት ፋብሪካ የተጠቀለለ ሲጋራ ማጨስ ጀመሩ።

ደርግ መጣ፤ ትምባሆና ክብሪት በአንድ ኮርፖሬሽን ሥር ሆኑ። ሶሻሊዝሙ ብዙ ነገር ሲያወግዝ ሲጋራን አላወገዘም። በጦር ሜዳ ወታደሩ፣ በቢሮ ሠራተኛው፣ በከተማ ወጣቱ ኒያላውን ለኮሰ። ለብዙ የዚያ ዘመን ሰው የመጀመሪያዋ ሲጋራ የተለኮሰችው በማሠልጠኛ ካምፕና በምሽግ ውስጥ ነው። ረሃብንና ብርድን፣ ከሁሉም በላይ መጠበቅን፣ የምታስረሳ ትመስል ነበር።

ቅጠሉ ከየት ይመጣል ከተባለ፣ ከፊሉ መልስ ከሀዋሳ ሩቅ አይደለም። የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት እርሻዎች በሸዋ ሮቢት፣ በሀዋሳ አካባቢና በብላቴ ነበሩ። በሲዳማና በወላይታ ሜዳዎች መካከል ወርዶ አባያ ሐይቅ የሚገባው የብላቴ ወንዝ የትምባሆ ማሳ አጠጥቷል። ስለዚህ ለሀዋሳ ሰው ትምባሆ ከውጭ የመጣ ክፉ ልማድ ብቻ አልነበረም። ለአንዳንዱ የቀን ሥራና የወር ደመወዝ፣ ለልጁም የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ድርሻውን መሸጥ ጀመረ። አንድ የየመን ባለሀብት ኩባንያ አስቀድሞ ድርሻ ገዝቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የጃፓኑ ትምባሆ ኩባንያ ጄቲ 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ተጨማሪ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ሁለቱ ግዢዎች ሲደመሩ 944 ሚሊዮን ዶላር ነው። በዓለም አቀፍ ገበያ ብዙ ልምድ ያለው ኩባንያ ከመቶ አዋቂ አምስቱ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀሙበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለው ዛሬ ለሚያጨሱት ሲል ብቻ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። የሕዝቡ ቁጥር እያደገ ነው፣ አብዛኛው ወጣት ነው፣ ከተሞች እየሰፉ ነው። የተገዛው ነገ ነው።

■ የተሰበሰቡት ቁጥሮች

ከመቶ አምስት የሚለው ቁጥር ከ2008 ዓ.ም. የአዋቂዎች ትምባሆ አጠቃቀም ጥናት የተወሰደ ነው። በዚያ አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ ትምባሆን በአንድ ዓይነት መንገድ ይጠቀሙ ነበር። ጥናቱ ሲጋራን ብቻ አልጠየቀም፤ ጋያን፣ ሱረትንና ሺሻንም ጠይቋል። ቡና ቤትና ጭፈራ ቤት ከገቡት 60.4 በመቶ፣ ምግብ ቤት ከገቡት 31.1 በመቶ የሚሆኑት በሌላ ሰው ጭስ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ ዝቅተኛ ነው። ለዚህም የሃይማኖቶቹ ተግሣጽ፣ የኑሮ አቅምና ማኅበረሰቡ በአጫሽ ላይ ያለው አመለካከት አስተዋጽኦ አላቸው። ነገር ግን ቁጥሩ ማነሱ ራሱ አንድ ችግር ወልዷል። ጥቂት ናቸው ተብለው ተረሱ። በሕዝብ ጤና እቅድ ውስጥ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ፣ የእናቶች ሞት ሲደረደሩ፣ ሲጋራ ማቆም የሚፈልግ ሰው ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ከመቶ አምስት ማለት ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ሚሊዮኖች ናቸው።

■ በወንጌል የተተወ ትምባሆ

አጫሹን የረዳ አልነበረም ማለት ሙሉ እውነት አይሆንም። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ሰው በአንድነት ትምባሆ የተወበት ዘመን አለ። ያን ያደረገው ግን ሐኪም ወይም መንግሥት አልነበረም።

በ1920 ዓ.ም. አካባቢ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን ሰዎች ወላይታና ሲዳማ ደረሱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአገር ሲባረሩ በወላይታ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ከ10 ሺህ በላይ ሆነው አገኟቸው። በ1940ዎቹ ደግሞ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሲዳማ ገባ። አማኞቹ ከባዕድ አምልኮ ጋር አብረው የተዉት ነገር ነበር፤ መጠጥና ትምባሆ። ጋያው ከቤት ወጣ። አዲስ አማኝ የሚታወቀው በመዝሙሩና በእጁ ባልያዘው ዘንግ ነበር።

ይህ ለምን ሠራ? ዛሬ የሱስ ሕክምና ባለሙያዎች የሚዘረዝሯቸው ነገሮች ሁሉ በአንድ ላይ ተገኝተው ስለነበር ነው። ግልጽ የሆነ የመተው ቀን ነበር። ውሳኔው በሰው ፊት ተነገረ። በየሳምንቱ የሚሰበሰብና የሚጠይቅ ጉባኤ ነበር። ባል ሲተው ሚስትም ጎረቤትም ይተዋል፤ ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ሐራራ የሚቀሰቅስ ጭስ አይኖርም። ሁሉም የተነገረው ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ነበር።

ነገር ግን ይኸው መንገድ ሌላ ፊትም አለው። መተው የመዳን ምልክት ከሆነ፣ ያልቻለው ሰው ምን ይሆናል? ይደብቃል። የኦርቶዶክሱ ከንስሐ አባቱ ይሸሻል፤ የወንጌል አማኙ ከጉባኤው በፊት ከአዝሙድ ጋር የተቀላቀለ ሻይ ይጠጣል፤ ሙስሊሙ ከመስጊድ መልስ ጥግ ይፈልጋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ድብቅነቱ እጥፍ ነው። የተደበቀ አጫሽ የጤና ባለሙያ ፊት ሲቀርብም «አታጨስም አይደል?» ሲባል «አላጨስም» ብሎ ይወጣል። ከዮሐንስ አዋጅ ጀምሮ የተወረሰው እፍረት ከንፈር መቁረጡን ቢተውም አፍ መዝጋቱን ቀጥሏል።

■ አዋጅ 1112

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ1996 ዓ.ም. ፈርማ፣ ከ10 ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጸደቀችው። በ2007 ዓ.ም. መቀሌ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን በመከልከል ቀዳሚ ከተማ ሆነች። ከዚያም ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን አጸደቀ።

አዋጁ ጠንካራ ነው፤ በአፍሪካ ከጠንካራዎቹ አንዱ ተብሎም ተመስግኗል። በቤት ውስጥ ባሉ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች እንዲሁም በትራንስፖርት ማጨስን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ያስርቃል። ማስታወቂያና ስፖንሰርነትን ያግዳል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥን ይከለክላል። የፓኬቱ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም በሩ ተዘግቶባቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ አዋጁ በየፓኬቱ ላይ ከመቶኛው ግብር በተጨማሪ 8 ብር ጨመረበት።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ጭስ የሌለበት ምግብ ቤት አስተናጋጇን ይጠብቃል፤ ዋጋ ሲጨምር ወጣቱ ይሸሻል። ሆኖም ሕጉ ሀዋሳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ማየት ይገባል። ሥዕላዊው ማስጠንቀቂያ ያለው ፓኬቱ ላይ ነው። በፍሬ የሚገዛው ሰው ፓኬቱን አይይዝም፤ ማስጠንቀቂያው ከሱቅ በደረቴው ሣጥን ሳይወጣ ይቀራል። ጋያ የምታጨስ የገጠር እናት ፓኬት የሚባል ነገር አታውቅም። ሱረት የሚስበውም በላስቲክ ቋጥሮ ነው የሚይዘው። ብዙ ገንዘብና ትግል የፈሰሰበት መልእክት እነዚህ ሦስት ሰዎች ዘንድ አይደርስም።

ቢደርስስ? ሳንባው ጠቁሮ የሚያሳየውን ሥዕል አይቶ «ከዛሬ ጀምሮ ይብቃኝ» ያለ ሰው በማግስቱ የት ይሂድ? ስምምነቱ ራሱ በአንቀጽ 14 አገሮች ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ምክርና ሕክምና እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። ክልከላውን የሚያስፈጽም ተቆጣጣሪ፣ ጥቆማ የሚቀበል የ8482 ስልክ፣ ቅጣት የሚጥል ደንብ ተዘጋጅቷል። የማቆም እርዳታው ግን በየጤና ጣቢያው በር ላይ እንደ ክትባትና እንደ ቤተሰብ ምጣኔ የሚታወቅ አገልግሎት ሊሆን አልቻለም።

■ ሱስ እንጂ ስንፍና አይደለም

እርዳታ ለምን አስፈለገ? «ወንድ ልጅ ከቆረጠ ይተዋል» የሚል አባባል በየቡና ቤቱ ይሰማል። አንዳንዱ በእርግጥም ይተዋል። ነገር ግን ያለ ምንም እርዳታ አንድ ጊዜ ለማቆም ከሞከሩት ውስጥ ዓመት የሚዘልቁት ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ጥናቶች ያሳያሉ። ኒኮቲን በጭስ ሲሳብ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል፤ ሐራራው የሚመጣው ያኔ ነው። ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩረት ማጣትና የምግብ ፍላጎት መጨመር በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጫፍ ይደርሳሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳሉ። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሦስተኛው ቀን ሲከብደው «አልቻልኩም» አይልም፤ «ዛሬ የከበደው ቀን ነው» ይላል።

ሕክምናውም አዲስ አይደለም። በማስቲካ ወይም በሚለጠፍ ፕላስተር የሚሰጥ ኒኮቲን የማቆም ዕድልን ከ50 እስከ 60 በመቶ ከፍ ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉትን ደግሞ በ2021 አክሏል። በ2024 ድርጅቱ ለአዋቂዎች የመጀመሪያውን የትምባሆ ማቆም ሕክምና መመሪያ አወጣ። መድኃኒቱ በሌለበትም ጊዜ አጭር ምክር ዋጋ አለው። ጤና ባለሙያው ይጠይቃል፣ ይመክራል፣ ዝግጁነቱን ያያል፣ ያግዛል፣ ተመልሶ ይጠይቃል። ይህ ከደቂቃዎች በላይ አይፈጅም።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው ለሚል፣ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዶል ከ34 ሺህ በላይ ወንድ ሐኪሞችን ለ50 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ውጤት አለ። በ30 ዓመቱ ያቆመ 10 ዓመት ያህል ዕድሜ ያተርፋል። በ40 ያቆመ 9፣ በ50 ያቆመ 6፣ በ60 ያቆመ እንኳ 3 ዓመት። «አሁንማ አርጅቻለሁ፣ ምን ይጠቅመኛል» የሚሉ ጋያ አጫሽ አባት ሦስት ዓመት የልጅ ልጅ ሠርግ የሚታይበት ዕድሜ መሆኑን ማን ነግሯቸው ያውቃል?

■ ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ ትምህርት

ይህን ችግር ቀድመው የተጋፈጡ ሌሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የማቆም እርዳታ በብዛት ነበር፤ ግን በእንግሊዝኛ። ከሜክሲኮ፣ ከመካከለኛው አሜሪካና ከፖርቶ ሪኮ የመጡ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ግን ከዚህ አገልግሎት ርቀው ቆዩ። ሐኪሞች ስለ ማጨሳቸው የሚጠይቋቸው ከሌላው ሕዝብ ያነሰ ጊዜ ነበር። መድኃኒቱንም የሚጠቀሙት በጥቂቱ ነበር። ከዚህ በላይ ብዙዎቹ በቀን ጥቂት ፍሬ የሚያጨሱ ስለነበሩ ራሳቸውን እንደ ሱሰኛ አይቆጥሩም፤ ሐኪሙም አይቆጥራቸውም።

ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤሊሴዮ ፔሬስ-ስታብል የተባለ ሐኪምና ሄራርዶ ማሪን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ቀላል ጥያቄ አነሱ፦ እነዚህ ሰዎች ማቆም ሲያስቡ በልባቸው ያለው ምንድን ነው? ነጭ አሜሪካውያንን ሲጠይቁ ጎልቶ የወጣው የሐራራው ፍርሃት ነበር። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ግን ስለ ቤተሰብ ተናገሩ። ለልጆቼ መጥፎ ምሳሌ እሆናለሁ፤ ጤናቸውን እጎዳለሁ፤ ልብሴና ትንፋሼ ይሸታል አሉ።

በዚህ መሠረት የስፓኒሽ መጽሐፍ አዘጋጁ። የእንግሊዝኛውን አልተረጎሙም፤ ከሕዝቡ ጭንቀት ተነስተው ጻፉት። የራሳቸው ሰፈር ሰዎች ፎቶና ምስክርነት ገባበት። በስፓኒሽ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አስተላለፉት። ኋላም ትርጉሙ «አሁኑኑ ይተዉት» የሚል የስልክ መስመር በመላው አገሪቱ በስፓኒሽ ተከፈተ፤ በነጻ። ደዋዩ በአስተርጓሚ አይናገርም። በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ቋንቋውንም፣ እናት ስትቆጣ የምትለውንም ያውቃል።

ሀዋሳ ላይ ለሚያስብ ሰው ይህ ታሪክ የሩቅ አይደለም። ጥቂት ፍሬ የሚያጨስና ራሱን ሱሰኛ ነኝ የማይል፣ ሐኪም የማይጠይቀው፣ ከራሱ ሳንባ ይልቅ የልጁ ዓይን የሚያሳፍረው አጫሽ እዚህም አለ። የሲዳማ ክልል ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን ያስተዳድራል፤ የሕዝቡ አፍ መፍቻ ሲዳሙ አፎ ነው። ሀዋሳ ውስጥ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎች ቋንቋዎችም ይነገራሉ። ለነዚህ ሁሉ በአንድ ቋንቋ፣ በፓኬት ላይ በተለጠፈ አረፍተ ነገር መናገር መንገር እንጂ መርዳት አይባልም።

■ ከሀዋሳ ምን ይጠበቃል?

እርዳታው ከባዶ አይጀምርም። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲና አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን በር ያውቃሉ፤ ጋያ ያለበትንም ቤት ያውቃሉ። የሚጎድለው ጥያቄው ነው። የደም ግፊት የሚለካ ነርስ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ የሚያይ ሐኪም፣ ነፍሰ ጡር የምትከታተል አዋላጅ «በቤቱ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብለው ሳይቆጡ መጠየቅን ልማድ ቢያደርጉ የመጀመሪያው እርምጃ ያለ ምንም ግዢ ይጀመራል።

ሁለተኛው ጫት ነው። ከወንዶ ገነት የሚመጣው ጫት ሀዋሳ ለመድረስ ረጅም መንገድ አያቋርጥም። በርጫ ላይ ጫትና ሲጋራ እንደ ቡናና ስኳር ተጣምረዋል፤ ምርቃናው ሲመጣ እጅ ወደ ሲጋራ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ የታገሠ ሰው እሑድ ከሰዓት በአንድ በርጫ ይወድቃል። ከዚያ «ጨብሲው» ይከተላል፤ ቢራው ሌላ ሲጋራ ይጠራል። ከአውሮፓ የተቀዳ የማቆም መመሪያ ይህን አያውቅም። የሀዋሳ መመሪያ ግን ከዚህ መጀመር አለበት፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን አንድ ወር ከበርጫ መራቅ የእርዳታው አካል ነው። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ላሉ ተማሪዎች ይህ በተለይ ይሠራል፤ ብዙው ተማሪ ሲጋራን የሚተዋወቀው ለፈተና በሚቃምበት ሌሊት ነው።

ሦስተኛው ጾም ነው። ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ምሽት ሳያጨስ ይውላል። ኦርቶዶክሱ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ይጾማል፤ ብዙ አጫሽ በዚህ ወቅት ይቀንሳል፣ አንዳንዱም ያቆማል። ሐራራው የሚበርደው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑ ሲታሰብ፣ ሁለቱ አጽዋማት አካልን ከኒኮቲን ለማላቀቅ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣሉ። የሚፈርሰው በፋሲካና በዒድ ማግስት ነው፤ ሰውየው ብቻውን ስለሆነ። የንስሐ አባቱ፣ ኢማሙ ወይም የቸርች አገልጋዩ በዚያ ሳምንት ደውሎ «እንዴት ነህ፣ በረታህ?» ቢለው፣ የጤና ጣቢያውም በዚያ ሳምንት በሩን ቢከፍትለት፣ ጾሙ የጀመረው መልካም ነገር ሊጸና ይችላል። የሃይማኖት አባቶች በወላይታና በሲዳማ አንድ ጊዜ ሠርተውታል። አሁን የሚጠየቁት ለወደቀውም እንዲያደርጉት ነው።

አራተኛው ገንዘብ ነው። በየፓኬቱ የተጣለው ኤክሳይዝ ከአጫሹ ኪስ የሚወጣ ነው። የአንድ የአሞራ ገደል የቀን ሠራተኛ ኤክሳይዝ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ፣ ከሱ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተመልሶ የኒኮቲን ማስቲካ ቢሆንለት ምጽዋት አይባልም፤ የራሱ ገንዘብ ነው። ያንን የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል ግን ገና መነሳት አለበት። ሞኖፖሉ ለአሥርተ ዓመታት ያስገባው ትርፍ፣ ከሽያጩ የተገኘው 944 ሚሊዮን ዶላር፣ ዛሬም የሚሰበሰበው ግብር፣ ሁሉም ምንጩ አንድ ነው፦ ማቆም ያልቻለ ሰው።

■ «አፊኒ?»

ሲዳማዎች ጉዳይ ሲመክሩ «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። ከመፍረድ በፊት መስማት ይቀድማል። በዚያ ሥርዓት አንድ ሰው ጥፋት ቢኖርበትም የሆነውን እስኪናገር ይደመጣል፤ መፍትሔው የሚፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ አጫሽ በ150 ዓመት ውስጥ ብዙ ተነግሮታል። ከንፈርህ ይቆረጣል ተባለ። ኒያላ ግዛ ተባለ። እዚህ አታጭስ ተባለ። የመጨረሻው ትክክል ነው፣ መቀጠልም አለበት። ግን እስካሁን ያልተጠየቀው ጥያቄ አለ፦ ማቆም ትፈልጋለህ? ስንት ጊዜ ሞከርክ? የት ላይ ከበደህ?

አሞራ ገደል ዳር የቆመው ሰው ማስቲካውን እያኘከ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል። አባት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። በዚያች ቅጽበት ከየትኛውም ሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ በላይ ማቆም ይፈልጋል። በማግስቱ ጠዋት የሚሄድበት በር ካለው ታሪኩ ይለወጣል። ያ በር በየጤና ጣቢያው እንዲከፈት መጠየቅ ደግሞ የአጫሹ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ፊቱ የሚዞርባቸው ልጆችም ጉዳይ ነው።